አርታዒው ዘበኛ ነው እንዴ?

«አርታዒ በር ጠባቂ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር በጋዜጠኝነት ማስተማሪያ ጽሑፍ አነበብኩት፤ በሥልጠና አዳራሽ ሰማሁት፤ ሰሞኑን ደግሞ በሬዲዮ ውይይት የቀረበ እንግዳ ደጋግሞ ሲለው ጆሮዬን ቆረቆረኝ። «የበር ጠባቂነት ንድፈ ሐሳብ» የሚሉ አሉ፤ «የበር ጥበቃ ቲዎሪ» የሚሉም አልጠፉም፤ መተርጎም የሰለቸው ደግሞ «ጌትኪፒንግ» ብሎ እንዳለ ያሳልፈዋል።

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ተማሪ በዓይነ ኅሊናው ማን ይመጣበታል? ካፖርት ደርቦ፣ ዱላ ተመርኩዞ ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ። ኳስ ወዳድ ከሆነ ደግሞ በሁለት ቋሚ መካከል እጁን ዘርግቶ የቆመ በረኛ። ዘበኛው ሌባ እንዳይገባ ይጠብቃል፤ በረኛው ኳስ እንዳትገባ ይከላከላል። የሁለቱም ሙያ የሚለካው ባላስገቡት ነው። አርታዒ ግን ምንም ካላስገባ ጋዜጣው ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወጣል።

ነገሩ ራሱ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ወደ ዜና ክፍል በየቀኑ የሚጎርፈው ወሬ ገጹ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ የሆነ ሰው መርጦ ያስገባል፣ የቀረውን ያስቀራል። የቃሉ የትውልድ ታሪክ ግን ለትርጉም ሥራችን ስለሚጠቅም ትንሽ ልቆይበት።

ቃሉ የተወለደው በዜና ክፍል ሳይሆን በጓዳ ነው። ኩርት ሌዊን ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋ በራሽን ሆነና የአሜሪካ ቤተሰቦች የሚንቁትን ጉበት፣ ኩላሊትና ልብ እንዲበሉ እንዴት ማግባባት እንደሚቻል እንዲያጠና ተጠየቀ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፤ ምግብ ወደ ገበታ የሚደርሰው በተለያየ መንገድ ነው፤ አንዱ ከሱቅ ተገዝቶ፣ ሌላው ከጓሮ ተለቅሞ። በየመንገዱ ላይ ግን «ይለፍ» ወይም «ይቅር» የሚባልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የምትገኘውም በአብዛኛው የቤቲቱ እመቤት ናት። እሷን ሳታሳምን ባልና ልጆችን ብትሰብክ ድካም ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ይኸው አካሄድ ለዜናም እንደሚሠራ ጠቁሞ ጻፈ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ።

ሐሳቡን ወደ ዜና ክፍል ያስገባው ዴቪድ ማኒንግ ኋይት ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የአንድ ጋዜጣ የቴሌግራም ዜና አርታዒ ለአንድ ሳምንት የጣለውን ዜና ሁሉ እንዲያስቀምጥለት፣ የጣለበትንም ምክንያት እንዲጽፍበት አደረገ። የሰውየውን ስም ሸሽጎ «ሚስተር ጌትስ» አለው። በዓመቱ ጥናቱ ሲታተም፣ ሚስተር ጌትስ ከመጣለት ዜና ለአንባቢ ያደረሰው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ አንዳንዴ የቦታ እጥረት ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ የራሱ ዝንባሌና ጥላቻ። የማይወደው አመለካከት በጠረጴዛው ላይ ዕድሉ ጠባብ ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ማን የሚል ስም እናውጣለት?

«በር ጠባቂ» የእንግሊዝኛውን ቃል ለሁለት ገምሶ ለእያንዳንዱ ግማሽ አቻ የፈለገ ሰው ሥራ ነው። ትልቁ ጉዳቱ ግን አንባቢን ወደ ሳንሱር መውሰዱ ነው። በዚህ አገር ሳንሱር ምን እንደሆነ ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 እስኪከለክለው ድረስ ጽሑፍ ለኅትመት የሚበቃው በመንግሥት መርማሪ ታይቶ ነበር። ሳንሱር ከውጭ የሚመጣ፣ ሥልጣን ያለው እጅ ነው፤ የእኛ ሰውዬ ግን የዜና ክፍሉ ቤተሰብ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩንና የሻይ ሲኒውን ይዞ ከባልደረቦቹ መሃል የሚውል። «በር ጠባቂ» ሁለቱን አንድ ላይ ይደባልቃቸዋል።

«እልፍኝ አስከልካይ» ያሉኝ አንድ አዛውንት አሉ። ከቤተ መንግሥት የተገኘ፣ ክብደት ያለው ማዕርግ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ውስጥ ክልከላ ተቀብሮበታል፤ ስለዚህ ከዘበኛው ብዙም አላራቀንም። «ኬላ ጠባቂ» የሚለው ለሌዊን ሐሳብ በጣም ይቀርባል፤ ሲራራ ነጋዴ በመንገዱ ላይ ኬላ ያጋጥመዋል፤ ዕቃው ይታያል፤ ከዚያ ያልፋል ወይም ይቆማል። ችግሩ ኬላ ያለ ቀረጥ አይታሰብም። ዘጋቢ ለስብሰባ ሲጠራ ስለሚሰጠው አበል የሚወራውን የሰማ አንባቢ ደግሞ ቃሉን በማላስበው አቅጣጫ ይዞብኝ ይሄዳል።

«አበጣሪ» የሚለው ለጥቂት ጊዜ ልቤን ወስዶት ነበር። ውብ ቃል ነው፤ የገበሬ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሚያበጥር ሰው ግን ፍሬውን አስቀርቶ ገለባውን ነው የሚጥለው። የሚስተር ጌትስ ዘጠኝ እጅ ገለባ ነበር? አልነበረም። ኋይት ያሳየው እኮ የሚጣለውም ብዙ ጊዜ ፍሬ መሆኑን ነው። «አበጣሪ» ያልነው እንደሆነ አርታዒውን ከተጠያቂነት ነፃ አውጥተን እናሰናብተዋለን።

እኔ የምመርጠው «አጋፋሪ» ነው።

በቤተ መንግሥት ግብር በሚበላበት ቀን አጋፋሪው በአዳራሹ በር ላይ ይገኛል። የሚገባውን ያስገባል፤ ያልደረሰውን «ቆይ፣ ተራህ ገና ነው» ይለዋል። ሥራው ግን በሩ ላይ አያበቃም፤ ያስገባውን እንደ ማዕርጉ ያስቀምጣል። ማን ከዙፋኑ አጠገብ፣ ማን ከወደ ጥጉ እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ነው። ዜናም እንዲሁ ነው። መግባቱ ግማሽ ነገር ነው፤ በፊት ገጽ በጉልህ ርዕስ መቀመጡና በስድስተኛው ገጽ ከማስታወቂያ ሥር መወሸቁ ሌላው ግማሽ ነው። ዘበኛ ማንንም ቦታ አያሲዝም። ቃሉ የግብር ቃል መሆኑም ያስደስተኛል፤ ሌዊን ነገሩን ያገኘው ከምግብ መንገድ ላይ ነበርና።

አጋፋሪው የድግሱ ባለቤትም አይደለም። የሚያስገባውና የሚያስቀረው የደጋሹን ፍላጎት እያነበበ ነው፤ አንዳንዴ ሳይነገረው። ዋረን ብሪድ በ1955 እ.ኤ.አ. ስለ ዜና ክፍሎች የጻፈው ይህንኑ ነው፤ አዲስ የተቀጠረ ጋዜጠኛ የቤቱን ፖሊሲ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ከአካባቢው ይቀስመዋል። «አጋፋሪ» ሲባል «የማን ድግስ?» የሚል ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ጥሩ የሙያ ቃል እንዲህ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ደስ ይላል።

ሰዋስውም ይረዳኛል። «ዜናውን በር ጠበቀው» ብላችሁ ሞክሩ። አይሆንም። ከ«አጋፋሪ» ግን አጋፈረ፣ ያጋፍራል፣ ማጋፈር፣ አጋፋሪነት እያሉ መርባት ይቻላል፤ «የዜና አጋፋሪነት ንድፈ ሐሳብ» ስንልም ምላስ አይደናቀፍም። ጆሮ ቃሉን ከ«መጋፋት» ጋር ሊያዛምደው ይሞክር ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የቆመችው «ር» ግን ሌላ ግንድ እንደሆነ ታስታውሰናለች።

«አርታዒ የሚል ቃል እያለን ሌላ ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር፣ እሱም ከግዕዙ «አርትዐ» የመጣ ነው፤ አቃና፣ ቀጥ አደረገ ማለት ነው፤ «ርቱዕ» የአንድ ቤት ልጅ ናት። (በ«ኢ» እየጻፍን ዘሩን ማጥፋታችን ሌላ ቀን የምመለስበት ቅሬታ ነው።) አርታዒ የገባውን ጽሑፍ ያቃናል፤ አጋፋሪ የሚገባውን ይመርጣል፣ ቦታም ይሰጠዋል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ሥራዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ሁለት ስምም ይገባቸዋል።

ቃሉን በራሳችን የኅትመት ታሪክ ላይ ፈትኜዋለሁ። በ1890ዎቹ ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ በእጅ እየጻፈ ያዘጋጃት የነበረችው ጋዜጣ፣ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡላት፣ መጀመሪያ ላይ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር የምትሠራጨው። እዚህ ላይ የሚጋፈረው ዜናው ብቻ አይደለም፤ አንባቢውም ነው። 24 ሰው ገብቶ አዳራሹ ይሞላል። ከ1917 ጀምሮ ብርሃንና ሰላም በራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት እየታተመ ሲወጣ ግን አዳራሹ ሰፋ፤ ጽሑፍ ይዞ በር ላይ የሚቆመው የተማረ ወጣትም በዛ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጳውሎስ ኞኞን እናገኛለን። በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ከየአገሩ የሚላክለትን የአንባቢ ጥያቄ እየመረጠ ይመልስ ነበር። የገበሬውን፣ የተማሪውን፣ የወታደሩን ጥያቄ አስገብቶ ከቁም ነገር ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ጳውሎስን «በር ጠባቂ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። አጋፋሪ ነበር፤ ያውም ደሀ የሚያስገባ።

ከወጣት ባልደረቦቼ የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ «ቃሉ የዘውድ ዘመን ይሸታል።» ይሽተት! የአገሪቱ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ስሙ ምንድን ነው? ነጋሪት ጋዜጣ። ነጋሪት እኮ አዋጅ ሲነገር የሚጎሰም ከበሮ ነው፤ ጋዜጣ ደግሞ ከጣሊያን አገር የመጣ ቃል ነው። ንጉሡ በ1934 ያቋቋሙትን ስም ደርግ ዙፋኑን ሲገለብጥ አልገለበጠውም፤ ከእሱ በኋላ የመጣውም «ፌደራል» የሚል ቅጥያ ጨምሮ ቀጠለበት። ዛሬ ጠበቃ ሁሉ ነጋሪት ጋዜጣ ሲጠቅስ ከበሮ አይሰማውም። «መገናኛ ብዙኃን»ንም አስቡ፤ «የአማርኛ ሥርዓት የሚፈቅደው ‹የብዙኃን መገናኛ› ነው» የሚለው ሙግት ዓመታት ፈጅቷል፤ ሕግ አውጪው ግን ሙግቱን ሳይጠብቅ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 «መገናኛ ብዙኃን» ብሎ ጻፈው፤ ሕዝቡም ሁለቱንም ይናገራል። ቃል የሚለመደው በመደጋገም ነው። «በር ጠባቂ»ም አሁን እየተደጋገመ ስለሆነ ነው የቸኮልኩት።

ያልፈታሁት ነገር አለ። ዛሬ በስልካችን ላይ ምን ቀድሞ እንደሚታየን የሚወስነው አልጎሪዝም ነው። እሱም ያስገባል፣ ያስቀራል፣ ቦታ ያሲዛል፤ በሥራው አጋፋሪ ነው። ሆኖም አጋፋሪን «ጌታዬ፣ እኔንም አስገባኝ» ብለህ ልትለምነው፣ ብታጣ ልትወቅሰው ትችላለህ። ለማሽን ይህን ማዕርግ ለመስጠት ስለሚከብደኝ «አልጎሪዝም» ብዬ ብተወው እመርጣለሁ፤ ባዕድ ቃልን በባዕድነቱ መቀበልም አንድ ብልሃት ነው። ሌላም የመጣ ቃል አለ፣ «ጌትዋቺንግ»፤ አክስል ብሩንስ በ2005 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያስተዋወቀው፣ ራሱ ዜና ሳያመርት ከሌሎች ደጃፍ የሚወጣውን እየተከታተለ መርጦ ለወዳጆቹ የሚያቀብለውን ሰው የሚመለከት። አንድ ጓደኛዬ «ደጅ ጠኚ» ይባል አለኝ። ደጅ የሚጠና ግን ልመና አለበት፤ እነዚህ ሰዎች አይለምኑም፤ እንዲያውም ከባለቤቱ ይልቅ ተሰሚ የሆኑ አሉ። ለጊዜው «ደጅ ቃኚ» እያልኩ ነው፤ የተሻለ ያለው ይጻፍልኝ።