ዳኛ፣ ቅጣትና ተመልካች



በደጋው አገራችን የገና ጨዋታ ሲካሄድ ጌታም ሎሌም ገናውን ይዞ ይሰለፍ ነበር። የተመታ ጌታ እንዳይቆጣ የሚከለክለው ልማድ እንጂ ባለፊሽካ ዳኛ አልነበረም፤ ሁሉም የሚተዋወቅበት መንደር ራሱ ይዳኛል። ለክፍያ የሚጫወት፣ ነገ ወደ ሌላ ክለብ የሚዛወር ተጫዋች ግን እንዲህ ያለ ተመልካች የለውም። ቢጫና ቀይ ካርድም በዓለም ዋንጫ ላይ ሥራ የጀመሩት በ1970 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥብቅ ቁጥጥር ጠባይን ይለውጣል? በ1978 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሦስተኛ ዳኛ ሲጨመር የተመዘገበው ጥፋት በሲሶ ያህል ቀነሰ። በፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ሁለተኛ ዳኛ ሲጨመር ግን ተመራማሪዎች ያገኙት የጥፋቱን መቀነስ ሳይሆን ብዙው መታየቱን ነው። እኔ የሁለተኛውን ጥንቃቄ እመርጣለሁ፤ የተመዘገበ ጥፋትና የተፈጸመ ጥፋት አንድ አይደሉምና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2010 ዓ.ም. ዳኛ ሜዳ ላይ በመደብደቡ ፕሪምየር ሊጉ በሙሉ ታገደ። ይህ እርምጃ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም በአንድ ገመድ ያሰረ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጨዋታዎቹ በጥቂት ከተሞች ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ታዩ፤ በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች ተገደበ። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚሁ ዓመት፣ ከጎንደር ርቆ በመጫወት ነው።

ስለዚህ የዚያን ዓመት ጠባይ የሚመረምር ተማሪ ካሜራው፣ የሜዳው ባዕድነትና የደጋፊው መጉደል በአንድ ጊዜ መምጣታቸውን ያስተውል። የደንቡን ድርሻ ለይቶ ለማወቅ ሊጉ ወደ ፋሲለደስ ስታዲየም፣ በገዛ ደጋፊው ፊት፣ መመለስ አለበት።