ከኢንግልውድ እስከ ደብረ ዘይት

እንግዳ ለመቀበል ከፌርፋክስ ተነስታችሁ በላ ሲየነጋ ወደ አየር ማረፊያው ስትወርዱ ኢንግልውድን ታልፋላችሁ። ሜዳው ማይንስ ፊልድ ይባል በነበረበት ዘመን ኖርዝ አሜሪካን የተባለ ኩባንያ በጥጉ ፋብሪካ ነበረው። ፒ 51 ሙስታንግ የተወለደው እዚያ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ግን ወደ አላባማ መሻገር አለብን። በ1930ዎቹ በማክስዌል ፊልድ በነበረው የአየር ኮር ትምህርት ቤት ብዙዎቹ መምህራን፣ ከፍ ብሎና ፈጥኖ በጓድ የሚበር ቦምብ ጣይ በራሱ መትረየስ ራሱን ይጠብቃል፣ አጃቢ አያሻውም ብለው ያስተምሩ ነበር። ተዋጊ አውሮፕላንም ሩቅ መብረር አያስፈልገውም ተባለ። በ1939 ጭራሽ ተዋጊዎች ከሆዳቸው በታች ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ እንዳይሸከሙ ተከለከለ። ክሌር ሼኖልት የተባለው መምህር ተከራክሮ ሰሚ ቢያጣ በ1937 ጡረታ ወጣ።

በዚያው ዘመን የእኛ ሰማይ ምን ይመስል እንደነበር ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አጃቢ አላስፈለጋቸውም፤ ግን ከልካይ ስላልነበረ ነው። ከቺካጎ መጥቶ ጥቂቶቹን አውሮፕላኖቻችንን ይመራ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን መልእክት ያመላልስ ነበር። ከልካይ በሌለበት ሰማይ የተገኘ ድል ስለ ቦምብ ጣይ ጥንካሬ ምንም አያስረዳም።

ከልካይ ያለበት ሰማይ በ1943 ታየ። ነሐሴ 17 ቀን ሽዋይንፈርትንና ሬገንስቡርግን ለመምታት ከወጡት ቢ 17 አውሮፕላኖች 60 አልተመለሱም። ጥቅምት 14 ቀን እንደገና ወደ ሽዋይንፈርት 291 ሄደው ሌላ 60 ጠፉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አሥር ሰው ነበር። አጃቢዎቹ ፒ 47ቶች ነዳጃቸው ስላላደረሳቸው ከጀርመን ድንበር አጠገብ ተመልሰዋል፤ የጀርመን ተዋጊዎችም ይህንኑ ይጠብቁ ነበር። ቢ 17ን ራሱን በመትረየስ አጭቆ አጃቢ ለማድረግም ተሞክሯል፤ የመጀመሪያው የተሠራው እዚሁ በርባንክ ነው። ጓደኞቹ ቦምባቸውን ጥለው ሲቀልላቸው እሱ በጥይት ክብደት ወደ ኋላ ይቀር ነበር። አጃቢው ራሱ አጃቢ ፈለገ ማለት ነው።

መፍትሔው ማንም ለአጃቢነት ካላሰበው አውሮፕላን መጣ። በ1940 እንግሊዞች ኖርዝ አሜሪካንን የሌላ ኩባንያ ተዋጊ አውሮፕላን ሥራልን ቢሉት፣ የተሻለ እንሠራለን ብሎ መለሰ። ኤድጋር ሽሙድ የተባለው የጀርመን ተወላጅ ነዳፊና ጓደኞቹ በ102 ቀን አወጡት፤ ሞተሩ ገና አልደረሰም፣ ጎማውም ከማሠልጠኛ አውሮፕላን የተዋሰ ነበር። ክንፉ አየሩን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ነዳጅ ቆጣቢ ሆነ። የመጀመሪያው ሞተር ከፍታ ላይ ይደክም ነበር። በ1942 የእንግሊዙ መርሊን ሞተር ሲገጠምለት፣ በኋላም ከአብራሪው ጀርባ ባለ 85 ጋሎን ታንክና ከክንፉ ሥር የሚጣሉ ታንኮች ሲጨመሩለት ከእንግሊዝ በርሊን ደርሶ መመለስ ቻለ። በመጋቢት 1944 ቦምብ ጣዮቹን እስከ በርሊን አጀበ።

ከኢጣሊያ ተነስተው በሙስታንግ ካጀቡት መካከል፣ ጭራውን ቀይ የቀቡት የቱስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ይገኙበታል። ሮቢንሰንም የቱስኪጊ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። አንድም ቦምብ ጣይ አላስመቱም የሚባለው ተረት ነው፤ መዝገቡ ሲመረመር 27 ያህል ተመትተዋል። የሌሎቹ አጃቢ ጓዶች አማካይ ግን 46 ነበር። ለእኔ እውነተኛው ቁጥር ከተረቱ ይበልጥ ያኮራል።

ሮቢንሰን በ1944 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ሽሙድ ደግሞ በ1950ዎቹ ኖርዝሮፕ ገብቶ የምህንድስና ኃላፊ ሆነ። አየር ኃይላችን በ1960 ከኖርዝ አሜሪካን ሴበር ጄቶችን፣ በ1966 ከኖርዝሮፕ ኤፍ 5ን አግኝቶ ደብረ ዘይት ላይ አሰለፈ። በ1977 በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚግ 21 የጣሉት የእኛው ልጆች የበረሩት ኤፍ 5 ኢ የኖርዝሮፕ ሥራ ነው፤ ፋብሪካው የነበረበት ሆቶርንም ከዚያው አየር ማረፊያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።