ቆልፎ ማኖርና አትሞ ማኖር

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፉ አንድ ብቻ ሲሆን የሚወርሰው ሁልጊዜ ልጅ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ብል፥ አንዳንድ ጊዜም እሳት ይወርሰዋል። ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ከአሜሪካ አገር ላቅርብ፤ ዓመቶቹም በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስቶን ከተማ ጄረሚ ቤልክናፕ የሚባል ሰባኪ ነበረ። የኒው ሃምፕሸርን ታሪክ የጻፈ ሰው ነበርና የቀድሞ ሰዎች ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ ያውቃል። በ1764 የሃርቫርድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎአል። በ1765ም ሕዝብ ተነሥቶ የምክትል ገዥውን የሐቺንሰንን ቤት ሲዘርፍ የታሪክ ወረቀቶቹ በመንገድ ላይ ተበትነዋል። ስለዚህ ቤልክናፕ በ1791 ከዘጠኝ ወዳጆቹ ጋራ የማሳቹሴትስን የታሪክ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ወረቀት ሰብስቦ በመቆለፍ ብቻ አልረካም፤ በ1792 የሰበሰበውን ማሳተም ጀመረ። ብዙ ቅጂ ሆኖ በብዙ ቤት የተቀመጠውን ጽሑፍ አንድ እሳት አያጠፋውምና።

የዚያው አገር የጥንት ገዥ የነበረው ጆን ዊንትሮፕ የዘመኑን ነገር በሦስት ደብተር ጽፎ ነበር። ሦስተኛው ደብተር ጠፍቶ ኖሮ በ1816 በአንድ የቦስቶን ቤተ ክርስቲያን ማማ ውስጥ ተገኘ። የማኅበሩ አባል ጄምስ ሳቬጅ ለማሳተም ሲሠራ በ1825 ቢሮው ተቃጠለና ሁለተኛው ደብተር ዐመድ ሆነ። ሆኖም አስቀድሞ ተገልብጦ ነበርና ቃሉ ተረፈ።

ምናልባት አንባቢ «ደብተሩ በነበረበት ቢቀመጥ ኖሮ መች ይቃጠል ነበር?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጽሑፍን ማውጣት አደጋ አለበት። እኔ ግን የምመልሰው ይህን ነው፤ የተደበቀ ደብተርም ይቃጠላል፤ ልዩነቱ እርሱ ሲቃጠል የሚያውቅለት ሰው አለመኖሩ ነው።

የፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ቤተ ሰብም ወረቀቱን ብዙ ዘመን ለራሱ ይዞ ኖሮ በ1956 ለማኅበሩ አስረከበ፤ ከ1961 ጀምሮም በየቅጹ እየታተመ ወጣ። በዚህ የቤተ ሰቡ ክብር ጨመረ እንጂ አልጐደለም።

እንግዲህ በሣጥኑ የአያቱ ደብዳቤ ወይም የአገሩ የዘር ሐረግ ያለው ሰው ቢኖር «የኔ ነው» ብሎ ቁልፉን ከማጥበቁ በፊት ያስገልብጠው፤ ቢቻለውም ያሳትመው። ሣጥኑን ለልጁ ቢያወርስ መልካም ነው፤ ቃሉን ግን ለአገር ያውርስ።