«ለጊዜው አይቻልም»፦ የሃይብሪድ መኪና የኤሌክትሪክ ቁልፍ ታሪክ

ሃይብሪድ የሚባለው መኪና በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር እየተጋገዘ የሚሄድ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ አሽከርካሪው የቤንዚኑን ሞተር አጥፍቶ በባትሪ ብቻ እንዲነዳ የሚያስችል ቁልፍ ይገኛል። ይህ ቁልፍ ተጭነውት የማይታዘዝበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም፤ መኪናው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማና በኤሌክትሪክ ብቻ መሄድ ለጊዜው እንደማይቻል በዳሽቦርዱ ላይ ያሳውቃል። ባለመኪናዎች ነገሩን እንደ ብልሽት ሲቆጥሩት ይታያል። ምክንያቱ ግን ከመኪናው ታሪክ የሚመነጭ ነው፤ የዛሬው ሃይብሪድ መኪና መጀመሪያ የተነደፈው ነዳጅ ለመቆጠብ እንጂ በባትሪ ለመጓዝ ስላልነበረ፣ ቁልፉ ለሌላ ዓላማ በተሠራ መኪና ላይ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን የኃይል ምንጮች በአንድ መኪና ላይ የማጣመሩ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በቪየና በሎህነር የሠረገላ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1900 በሠራው «ዜምፐር ቪቩስ» በተባለ ተሽከርካሪ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ጄኔሬተር እያዞሩ ኤሌክትሪክ ያመነጩ ነበር፤ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ግን በራሳቸው በጎማዎቹ እምብርት ላይ የተገጠሙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበሩ። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ የቺካጎው ዉድስ ኩባንያ በ1916 ያስተዋወቀው «ዱዋል ፓወር» ነው፤ ይህ መኪና በሰዓት እስከ 24 ኪሎ ሜትር ድረስ በኤሌክትሪክ እየሄደ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ቤንዚን የሚሸጋገር፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ነበር። በዚያ መኪና ላይ መቼ በባትሪ፣ መቼ በቤንዚን እንደሚኬድ የሚወስነው አሽከርካሪው ራሱ ነበር፤ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ፍጥነቱ ደግሞ ዝቅ ያለ ስለነበረ ግን በገበያው ላይ ብዙ ሳይቆይ ቀረ።

ሐሳቡ ከሰማንያ ዓመት በኋላ በጃፓን ሲመለስ፣ ውሳኔው ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ተላለፈ። በታኬሺ ኡቺያማዳ የሚመራው የቶዮታ መሐንዲሶች ቡድን የተሰጠው ሥራ የነዳጅ ፍጆታን በግማሽ የሚቀንስ መኪና መሥራት ነበር፤ በ1995 መጨረሻ ላይ የተገጣጠመው የመጀመሪያው የሙከራ መኪና ለ49 ቀናት ያህል አልንቀሳቀስ ብሎ መሐንዲሶቹን እንዳስቸገረ ስለ አሠራሩ በተጻፉ ዘገባዎች ተመዝግቧል። ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረው ባትሪው ነበር፤ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ሥራ ያቆም ስለነበረ፣ የኩባንያው ኃላፊዎች መኪናውን ለሙከራ ሲነዱ ከጎናቸው አንድ መሐንዲስ ላፕቶፕ ይዞ ተቀምጦ የባትሪውን ሙቀት ይከታተል እንደነበር ይነገራል። በታኅሣሥ 1997 ለገበያ የቀረበው ፕሪየስ ይህን የመሐንዲሱን ሥራ ለኮምፒውተር የሰጠ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ዛሬም ቁልፉን ሲጫኑ «አይቻልም» የሚለው መልስ የሚመጣው ከዚሁ ተቆጣጣሪ ነው።

የመጀመሪያው ፕሪየስ በባትሪ ብቻ ለመሄድ የሚያገለግል ቁልፍ አልነበረውም። ቁልፉ የመጣው በ2003 ከወጣው ሁለተኛ ትውልድ ጋር ሲሆን፣ የተጨመረውም በማለዳና በሌሊት በመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ሳያሰሙ ለማለፍና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ጭስ ሳያወጡ ለመንቀሳቀስ ነበር። የዚህ መኪና ባትሪ 168 ትንንሽ ሴሎች ተያይዘው የሚሠሩበት የኒኬል ባትሪ ሲሆን፣ ሙሉ አቅሙ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባትሪው ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግል ኮምፒውተሩ ቻርጁን ከ40 በመቶ በታች እንዲወርድ፣ ከ80 በመቶም በላይ እንዲወጣ ስለማይፈቅድ፣ በተግባር ለጉዞ የሚተርፈው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህ መኪናውን ቢበዛ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢያስኬደው ነው፤ በዚህች ርቀት ውስጥም ቢሆን ባትሪው ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ቻርጁ ካነሰ፣ የነዳጅ መርገጫው ጠበቅ ተደርጎ ከተረገጠ፣ ወይም ፍጥነቱ በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር ካለፈ ፈቃዱ ይነሳል።

ስለ ፍጥነቱ ገደብ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ባትሪው ብቻ አይደለምና። የፕሪየስ ማርሽ እንደ ተራ ካምቢዮ አይደለም፤ በመሐል አንድ ትንሽ ጥርሳም ማርሽ፣ በዙሪያው ሌሎች አነስተኛ ማርሾች፣ እነዚህን ሁሉ አቅፎ የሚይዝ ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ ቀለበት ያለበት፣ ፕላኔታዊ ማርሽ የሚባል ዓይነት ነው። ባለ 30 ጥርሱ የመሐል ማርሽ ከጄኔሬተሩ፣ ባለ 78 ጥርሱ ቀለበት ከኤሌክትሪክ ሞተሩና ከጎማዎቹ፣ በመካከል ያሉትን ማርሾች የሚይዘው ክፍል ደግሞ ከቤንዚኑ ሞተር ጋር ተያይዟል። የቤንዚኑ ሞተር ቆሞ መኪናው ወደፊት ሲሄድ፣ ቀለበቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ጄኔሬተሩ ወደ ኋላ 2.6 ጊዜ እንዲዞር ይገደዳል፤ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደረስም የጄኔሬተሩ ዙር በደቂቃ ከ6,000 ያልፋል። ከዚያ በላይ ጄኔሬተሩን ለማዳን ያለው መንገድ የቤንዚኑን ሞተር ማዞር ነው፤ ነዳጅ ባይቃጠልበትም እንኳ መዞሩ አይቀርም። ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው በኤሌክትሪክ ብቻ አልሄድም ሲል፣ አንዳንድ ጊዜ ከልካዩ የጥርስ ቁጥር ነው።

የአሜሪካ ገበያ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የጃፓንና የአውሮፓ ገዢዎች ቁልፉን ሲያገኙ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢው በታክሲ ሥራ ላይ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት የሁለተኛው ትውልድ የአሜሪካ ፕሪየስ ያለ ቁልፉ ተሸጠ። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ምክንያቶች የጭስ ቁጥጥር ሕግና የባትሪ ዋስትና ናቸው። በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ማለትም መርዛማውን ጋዝ የሚያጣራው ክፍል፣ ካልሞቀ በቀር አይሠራም፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ አጥፍቶ ኋላ በድንገት ማስነሳት ደግሞ ብዙ ብክለት ያስከትላል። አምራቹ ለዚህ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚያሳየው፣ በዚያው የአሜሪካ ሞዴል ላይ የሞተሩን ሙቅ ውሃ እስከ ሦስት ቀን ሳይቀዘቅዝ የሚያቆይ፣ ከቤት ፔርሙዝ ያልተለየ ዕቃ መግጠሙ ነው። ዋስትናውም ቀላል አልነበረም፤ በካሊፎርኒያ ለ10 ዓመት ወይም ለ240,000 ኪሎ ሜትር ኃላፊነት የወሰደ ኩባንያ፣ ደንበኛው ባትሪውን እንደፈለገ እንዲያራቁት ሊተውለት አይችልም። ይሁን እንጂ ለቁልፉ የሚሆነው ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ስለነበረ አሜሪካውያን ባለመኪናዎች ሽቦ እየቀጠሉ ራሳቸው ገጠሙት፤ በ2004 ካልካርስ የተባለው የካሊፎርኒያ ማኅበር ፕሪየስን ከቤት ሶኬት ቻርጅ እንዲደረግ አድርጎ ሲለውጠው የተጠቀመው በዚሁ ስውር ትእዛዝ ነበር። በ2009 የወጣው ሦስተኛ ትውልድ በአሜሪካም ቁልፉን ይዞ መጣ።

ከሶኬት ቻርጅ የሚደረጉት ሃይብሪዶች ሲመጡ ባትሪው ተለቀ፤ ክልከላው ግን ምክንያቱን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በ2010 መጨረሻ የወጣው ሼቭሮሌ ቮልት 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እያለውም፣ የውጭው ሙቀት ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ሞተሩን ያስነሳ ነበር፤ ቤንዚኑ በታንከሩ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይና ሞተሩ ለሳምንታት ሳይነሳ ሲቀርም እንዲሁ ያደርጋል። በ2012 የቀረበው ባለሶኬት ፕሪየስ ደግሞ ክፍሉን የሚያሞቀው በሞተሩ ሙቅ ውሃ ስለነበረ፣ በብርድ ማሞቂያውን የከፈተ አሽከርካሪ ሳያስበው ሞተሩን ያስነሳል። ኩባንያው ይህን ያስተካከለው ቀጣዩ ሞዴል በ2016 ሲወጣ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያሞቅ መሣሪያ በመግጠም ነው።

ከዚህ ሁሉ አንጻር መኪናው ሞተሩን ማስነሳቱ ራሱ ሊያስወቅሰው አይገባም፤ የሚያስወቅሰው አምራቾች ቁልፉን ያለ ገደብ የሚሠራ አስመስለው ካቀረቡት ነው። አሮጌ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ግን ቁልፉ ከወትሮው አብዝቶ እንቢ ካለው፣ ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄዱ በፊት በብዙዎቹ ፕሪየሶች ከኋላ ወንበር ጎን የሚገኘውን የባትሪ አየር ማስገቢያ ይመልከት፤ እዚያ የሚከማቸው አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ባትሪው ይሞቃል፣ የሞቀ ባትሪ ደግሞ በኤሌክትሪክ ብቻ ለመሄድ አይፈቅድም።