ስለ መጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል አገባብ

በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ የእሽቅድምድም አውቶሞቢል መግዛት የሚወድ ሰው ከሞተሩ ድምፅና ከቀለሙ አስቀድሞ የሚመረምረው ታሪኳን ነው። ከየትኛው ፋብሪካ በስንት ዓመት ወጣች፤ በየትኛው ወደብ ገባች፤ ቀረጥ የከፈለባት ማን ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍስ ስንት ጌታ አየች እያለ ይጠይቃል። በሻንሲዋ ላይ የተመታው ቁጥርና የጉምሩኩ ወረቀት ያልተስማሙ እንደ ሆነ ዋጋዋ ይወድቃል። በእኛም አገር ቢሆን መኪና የገዛም የሸጠም ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሊብሬ የሌላት መኪና ባለቤቷ እንዳልታወቀ በቅሎ ናትና።

እኛ ባለንበት በአሶሳ ከተማ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቡና ላይ በተነሣ ጨዋታ፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል ያስገባው እንግሊዛዊ ነው የሚሉና ጀርመናዊ ነው የሚሉ ሁለት ወገኖች ተከራክረው ነበር። ስለዚህ ይህንኑ የሊብሬ መርማሪዎች ዘዴ ለዚያች ለጥንቲቱ መኪና ልናውለው አሰብን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስተው ስም ነው። እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ይባል ስለ ነበር፣ አንዳንድ ሰው መኪናዪቱ «ቤንትሊ» የተባለችው የታወቀችው ፈጣን መኪና ትመስለዋለች። ነገር ግን የቤንትሊ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1911 ዓ.ም. በሌላ ቤንትሊ ነው፤ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ካረፉ አምስት ዓመት አልፎአቸዋል። ቢድ ቤንትሊ ይዞ የመጣው ሲድሊ የተባለችውን የእንግሊዝ መኪና ነው። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ በሳክሶኒ አገር በኮስዊግ ከተማ ኤሚል ናከ ከሚባል ሰው ፋብሪካ የወጣች መኪና አመጣ። እንግዲህ ሰውና መኪናን ለይቶ መጻፍ የመርማሪ የመጀመሪያ ሥራው ነው።

ሁለተኛው አሳሳች መጽሐፍ ነው። ሆልትስ የጉዞውን ታሪክ ራሱ ጽፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በርሊን ላይ አሳተመ። የቤንትሊን ጉዞ ግን ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ ዘግይቶ በ1913 ለንደን ላይ አሳተመው። የኅትመትን ዓመት ብቻ ተመልክቶ የሚፈርድ ሰው ጀርመናዊውን አስቀድሞ ይገኛል፤ የመኪኖቹ ቅደም ተከተል ግን የመጽሐፎቹ ግልባጭ ነው። የቤንትሊ ሲድሊ አዲስ አበባ የገባችው የአውሮፓ 1907 ዓመት አልቆ 1908 ሊተካ በተቃረበበት ሰሞን ነው፤ የሆልትስ ናከ ከዚያ በኋላ ተከተለች።

የውጭ ጸሐፊዎች አንዱ 1907 ሌላው 1908 እያሉ የሚለያዩበት ነገር በእኛ አቆጣጠር ሲታይ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሁለቱም መኪኖች የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነውና። ይህ ዓመት ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ሌላም ትዝታ አለው፤ ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። የምንሠራበት መሥሪያ ቤትና የመጀመሪያዪቱ መኪና የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

በምን መንገድ ገባች? የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማው የሚመጣ መኪና በረሓውን፣ ወንዙንና ዳገቱን የግመልና የበቅሎ መንገድ ይዞ ማለፍ ነበረበት። ቤንዚን የሚሸጥ የለም፤ ነዳጁም ጎማውም አብሮ ይጫናል። በራስዋ ትሄዳለች የተባለችው መኪና በብዙ ስፍራ በሰው ጉልበት እየተጎተተች ማለፍዋ አይቀርም። በባዕድ ቋንቋ የታተሙት መጽሐፎች የሚዘልቁት በሁለቱ አውሮፓውያን ስም ነው፤ የገመዱን ጫፍ የያዙት ሰዎች በአርእስቱ ላይ የሉም። ከእነዚህ መኪኖችም በፊት በ1896 ዓ.ም. ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ከባድ ተሽከርካሪ ለምኒልክ አስመጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን «ባቡር» ተባለ እንጂ ከአውቶሞቢል አልተቈጠረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለት መኪኖች በአንድ ዓመት ውስጥ አንድን ንጉሥ ፍለጋ መምጣታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለንም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በኢትዮጵያ ያላቸውን ጥቅም እርስ በርሳቸው የተከፋፈሉበትን ውል የፈረሙት ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. ነው። ጀርመን በዚያ ውል ውስጥ የለችም፤ ነገር ግን የካቲት 28 ቀን 1897 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተዋውላ ነበር። እንግዲህ አንዱ በሲድሊ ሌላው በናከ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገሰግስ፣ መኪናው ውስጥ ከመሪውና ከፍሬኑ ሌላ የየአገሩ ተስፋ ተጭኖ ነበር። ምኒልክ ግን ውሉን ሲሰሙ ነጻነታቸውን የሚነካ ነገር እንደማይቀበሉ መልሰዋል፤ መኪናዪቱን ግን ወደዷት። በእኛ አስተያየት ይህ ታላቅ ብልህነት ነው።

በዚያን ዘመን የቤኒ ሻንጉል ወርቅ በግብር መልክ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ይገባ ነበር፤ የአሶሳው ገዥ ሸህ ኾጀሌ አልሐሰን ስማቸው የታወቀው በዚሁ ወርቅ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የሱዳን ወሰን ውልም ይህን አገር በኢትዮጵያ በኩል አስቀርቶታል። በጦርነቱ ዘመን ወደ አሶሳ የመጣው ብዙ ሠራዊትም በምሥራቅ በጅቡቲ በኩል አልነበረም፤ የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ሱዳንን አቋርጠው በኩርሙክ በኩል ገብተው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከኢጣልያኖች እጅ አስለቀቁ። የዚያ ሠራዊት ካሚዮኖች ቀረጥ የከፈለባቸው አልነበረም።

የቤተ መንግሥት መኪኖች ከዚያ በኋላ ብዙ ሆኑ። ከእነርሱም ውስጥ በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚታዩ አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት ከእነዚያ በአንዲቱ ሳይሆን በትንሽ ቮልስዋገን ነው።

ይህን ሁሉ ለተከራካሪዎቹ በነገርናቸው ጊዜ፣ ለጀርመን ይሟገቱ የነበሩት አንጋፋ ወዳጃችን ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያውስ የመጀመሪያዪቱ የእንግሊዝ ብትሆን የመጨረሻዪቱ የጀርመን ነበረች» ብለው የቡናውን ሒሳብ ከፈሉ።