መድኃኒቱ ለማን? የጡት ካንሰር ምርመራ የመቶ ዓመት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የተባሉ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይፋ አደረጉ። የጡት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ከማይችልበት ደረጃ የደረሰ ሴቶችን እንቁላል አመንጪ አካል ሲያወጡ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ዕጢው መሟሸሽ ጀመረ። ሌሎች ሐኪሞች ሕክምናውን ሲደግሙት ግን የተጠቀመችው ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል ብቻ ነበረች። የቀሩት ሁለቱ የቀዶ ሕክምናውን መከራ የተቀበሉት ያለ ፋይዳ ነው። የትኛዋ እንደምትጠቀም አስቀድሞ የሚለይ መንገድ አልነበረም።

መልሱ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤልዉድ ጄንሰን ኤስትሮጅንን በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት አድርገው በመከታተል፣ ሆርሞኑን የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን መኖሩን አሳዩ። በ1970ዎቹ ይህን ተቀባይ በዕጢው ናሙና ውስጥ መለካት ተቻለ። ተቀባዩ ካላቸው ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ለሆርሞን ሕክምና በጎ ምላሽ ሲሰጡ፣ ከሌላቸው መካከል ግን ከአሥር አንዷ እንኳ አትሞላም ነበር። መጀመሪያ ለወሊድ መከላከያነት የታሰበው ታሞክሲፈን በ1977 በአሜሪካ ለተሠራጨ የጡት ካንሰር ሲፈቀድ፣ ማን እንደሚጠቀምበት የሚጠቁም መለኪያ ቀድሞት ተዘጋጅቶ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1987 ተከፈተ። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቻቸው ሄር2 የተባለው ጂን በዕጢው ውስጥ ከመጠን በላይ ሲባዛ በሽታው እንደሚከፋ አመለከቱ። ይህን ፕሮቲን የሚያጠቃው ሄርሴፕቲን የተፈተነው ፕሮቲኑ በብዛት በተገኘባቸው ሴቶች ላይ ብቻ ነበር። ውሳኔው የኢኮኖሚ ትርጉምም ነበረው። አንድ መድኃኒት ከአምስት ታካሚዎች አንዷን ብቻ የሚረዳ ከሆነና ሳይመረጥ ለሁሉም ከተሰጠ፣ አማካይ ጥቅሙ በአምስት እጥፍ ይሳሳል፤ ያንን የሳሳ ጥቅም ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው የታካሚ ቁጥር ደግሞ ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ይበዛል። ያለ ምርመራው መድኃኒቱ ዋጋ ቢስ ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 1998 መድኃኒቱንና መመርመሪያውን በአንድ ቀን ያጸደቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው አንዴ ተደርጎ የሚቀር መሆኑ አከተመ። ካንሰሩ በሕክምና ውስጥ እያለ ባሕርዩን ይለውጣልና። ከረጅም የሆርሞን ሕክምና በኋላ በኤስትሮጅን ተቀባይ ጂን ላይ የሚፈጠር ለውጥ ዛሬ ከደም ናሙና ይታወቃል፤ በ2023 መጀመሪያ የጸደቀው ኤላሴስትራንትም የታለመው ይህ ለውጥ ለታየባቸው ነው።

የታሪኩ ትምህርት ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። አፍሪካውያን ሴቶች በአብዛኛው ተቀባይ አልባ ካንሰር እንደሚይዛቸው ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ2014 የታተመ የኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ጥናት ግን ከሦስት ዕጢዎች ሁለቱ ያህል ኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አሳየ። ልዩነቱ የብዙ ሴቶች ዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ታሞክሲፈን የባለቤትነት መብቱ ያበቃ ርካሽ ክኒን ነውና። ፎርማሊን ውስጥ ዘግይቶ የገባ ናሙና ግን ያለውን ተቀባይ «የለም» ሊያሰኝ፣ ሴቲቱንም ከዚህ ክኒን ሊያርቃት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ሄርሴፕቲንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያካትት፣ የመድኃኒት ተደራሽነት ጥያቄ በከፊል ተመለሰ። የምርመራው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። መድኃኒት በካርቶን ተቆጥሮ ይላካል፤ ለጋሽም ያስረከበውን ቆጥሮ ሪፖርት ያደርጋል። ምርመራ ግን ሰንሰለት ነው፦ በወቅቱ የተጠበቀ ናሙና፣ የማይቋረጥ የኬሚካል አቅርቦት፣ የሠለጠነ ፓቶሎጂስት፣ ታካሚዋ ሳትጠፋ የሚደርስ ውጤት። ከአንዱ ቀለበት ሲበጠስ ርካሹ ክኒን የሚገባት ሴት ሳታገኘው ትቀራለች፤ ውዱም መድኃኒት ለማትጠቀምበት ይሰጣል። ለመድኃኒት የሚመደብ በጀት ለፓቶሎጂ ክፍሉም ካልተረፈ፣ ሐኪሙ ያለው ዕውቀት ቢትሰን በ1896 ከነበራቸው እምብዛም አይርቅም።