የውሻው መልስ

ይህችን ተረት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። መውረጃቸው ደረሰ። አህያ ሒሳቧን ዘርዝራ ከፈለች። ውሻ ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን ሲጠብቅ ሹፌሩ ነዳጁን ረገጠና ተፈተለከ። ፍየል ሳትከፍል ዘላ ወረደችና ጠፋች። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገድ ንቅንቅ የማትለው (ከፍላለች እኮ፣ ማንን ትፈራለች?)፤ ፍየል በርግጋ የምትሮጠው፤ ውሻ ደግሞ "መልሴን! መልሴን!" እያለ ጎማ የሚያባርረው።

እኛ የሰማናት ካዛንቺስ ውስጥ፣ ለሦስት በተሠራ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ታጭቀን ነው። ማን እንደነገረን አናስታውስም። እንዲህ ያለ ጨዋታ ባለቤት የለውም፣ ከተማው በሙሉ ያወራዋል። ታዲያ ከዓመታት በኋላ ይህችው ተረት በቀለም ተሥላ፣ ነፍስ ዘርታ፣ በስክሪን ላይ ስትሮጥ አየናት። የፊልሙ ስም "ሒሳብ" ነው፤ ያው ረዳቱ በየፌርማታው የሚጮኻት ቃል። የሠራው እዝራ ውቤ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሠዓሊ። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። (ከዚህ በታች "እ.ኤ.አ." ስንል የፈረንጆቹን፣ "ዓ.ም." ስንል የራሳችንን አቆጣጠር ነውና እንዳንደናገር።)

ይበልጥ የገረመን አሠራሩ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። ሠሪው ቆጥቦ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢጠቀምበት እንኳ በሰከንድ 12፣ በደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልገዋል። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ይህን ሥራ ለመቶዎች ሠራተኞች አከፋፍለው ይወጡታል። እዝራ ያደረገው አንድ ሸራ መወጠር ነው። ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል። እዚያው ላይ ደርቦ ይሥላል፣ አሁንም ፎቶ ያነሳል። የትናንቱ ሥዕል በዛሬው ሥር ይቀበራል። ሥራው ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚገኘው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ያለው በፎቶው ውስጥ ነው። ይህን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ልጅነታችን እንሂድ። ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጣሪያ ሁሉ ዲሽ ተሸክሞ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠበት ጊዜ ነበር። የኛ ካርቱን የመጣው በዚያ በኩል ነው። ኤምቢሲ 3 እና ስፔስቱን በዓረብኛ ያወራሉ፤ እኛ ዓረብኛ አንችልም፤ ግን በትክክለኛው ቦታ እንስቃለን። ካፒቴን ማጂድን ዓረብ ነው ብለን አደግን። ልጁ ጃፓናዊ መሆኑን፣ እውነተኛ ስሙም ሱባሳ መሆኑን የሰማነው ትልቅ ሆነን ነው። ከዚያ ውጪ ሲዲ ቤት ነበር፣ እዚያ ደግሞ የሚከራየው የትልልቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ሥራ ነው። አፍሪካ የሚታይበት ብለን የምናውቀው ፊልም የአንበሶቹ ነበር። ሰው የለበትም። አንድም ሰው! ይህን ልጅ ሆነን ልብ አላልነውም።

እንግዲህ ጥያቄው፣ እኛ ሥዕል ማንቀሳቀስ ስለማናውቅ ነው ወይ የሚለው ነው። በሥዕል ታሪክ መንገርስ እናውቃለን። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ የሚሥለው የአገራችን ሠዓሊ፣ ዛሬ የፊልም ሰዎች ቀረጻ ከመጀመራቸው በፊት በወረቀት ላይ ከሚሠሩት ቅደም ተከተል ምን ይለየዋል? ሰንሰል የሚባለው፣ ብራናው እንደ አኮርዲዮን እየታጠፈ የሚዘረጋው የሥዕል መጽሐፍም አለ። ስትዘረጉት ቅዱሳኑ ተራ በተራ ይመጣሉ። የጎደለው መንቀሳቀሱ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሲመጣ ደግሞ ያገሬ ሰው ሲኒማውን "ሰይጣን ቤት" ብሎ ሰየመው። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆች ጊዜ የአባባ ተስፋዬ ሆነ። አባባ ተስፋዬ (ነፍስ ይማር፣ ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ነው) ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ጅቡንም ጦጣዋንም በድምፃቸውና በፊታቸው ተጫወቱልን። ሥዕሉን እኛው በጭንቅላታችን እንድንሥል ተውልን።

ሌላው አፍሪካ ግን ቀደም ብሎ ጀምሯል። ካይሮ ላይ የፍሬንክል ወንድማማቾች የሚባሉ ስደተኛ አይሁዶች ነበሩ። ለካርቱን ሥራ ገንዘብ ፍለጋ ባንኳኩት በር "ማፊሽ ፋይዳ"፣ ማለትም ምንም ጥቅም የለውም ተባሉ ይባላል። እልኸኞቹ እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጡትን ፊልም ስሙን "ማፊሽ ፋይዳ" አሉት! ዋናው ገጸ ባሕርይ ታርቡሽ ያደረገ ሚሽሚሽ ኤፈንዲ ነው። ስለ ስም አወጣጥ ከነሱ ብንማር ጥሩ ነው።

ኒጀር ውስጥ ደግሞ ሙስጠፋ አላሳን የሚባል ሰው ተነሳ። ሙያው መካኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 "ቦን ቯያዥ ሲም" የተሰኘ አጭር ካርቱን ሠራ። ሲም የእንቁራሪቶች ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ነው። ጎረቤት አገር በክብር ተጋብዞ ይሄዳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ሰልፍ ይወጣለታል፤ አገሩ ሲመለስ ሥልጣኑን ተነጥቆ ይጠብቀዋል። ፊልሙ ከመሠራቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ግንቦት፣ የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት የት ነው? እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ካዛንቺስ ጥግ ባለው አፍሪካ አዳራሽ። ተጨብጭቦላቸዋል፣ ሰልፍም ወጥቶላቸዋል። ከመካከላቸው ስንቶቹ እንደ ሲም እንደሆኑ የታሪክ መምህራን ይንገሯችሁ። አላሳን የፈለገው እንቁራሪትና ወረቀት ብቻ ነበር፤ ጋዜጠኛ ሆኖ ያንን ቢጽፈው የሚደርስበትን ደግሞ እኛ ጋዜጠኝነት የተማርነው እናውቀዋለን።

አዳራሹን ካነሳን አይቀር፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሦስት ክፍል ነው፣ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ። ፀሐይ በሚዞርበት ሰዓት ገብታችሁ ካያችሁት የቀለሙ ብርሃን ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ሥዕል እሱ ነው ብንል የሚከራከረን ይኖር ይሆን?

አሁን ወደ ምክራችን። ልጅ ያለው፣ ወይም ልጅነቱ ያልለቀቀው ሰው መጀመሪያ "ኪሪኩ እና ጠንቋይዋ"ን ይይ፣ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥራ። ሚሼል ኦስሎ ፈረንሳዊ ነው፤ ልጅነቱን ግን ያሳለፈው ጊኒ ኮናክሪ ነው። ሙዚቃው የዩሱ ንዱር። ኪሪኩ ከእናቱ ሆድ ራሱ ወጥቶ፣ እትብቱን ራሱ ቆርጦ፣ መንደሩን ወዳሰቃየችው ጠንቋይ የሚሄድ ድንክዬ ሕፃን ነው። ጎልማሶቹ ጦር ይዘው ይሄዱባታል፤ እሱ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይዞራል፦ "ለምንድነው ክፉ የሆነችው?" መልሱ ከጀርባዋ ነው፣ አንነግራችሁም። በአንዳንድ አገር አከፋፋዮች የመንደሩ ሴቶች ደረታቸው ካልተሸፈነ አናሳይም ብለው ነበር። ኦስሎ እምቢ አለ። ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ስብሰባ ተቀምጠው ቀሚስ ያለብሷቸው ነበር።

አገራችን ላይ በሩ የተከፈተው በአሻንጉሊት ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤዘንሃውዘር ጋር ሆና በ1997 ዓ.ም. ግድም (እ.ኤ.አ. 2005) ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋመች፤ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ከዚያ ወጣ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እጇን ሳትታጠብ ላትበላ ትችላለች ወይ ብሎ የሚጠራጠር ካለ አላያትም ማለት ነው። በአማርኛ ታወራለች! በዓረብኛ ስቀን ላደግን ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ይከብደናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሙኒክ ፕሪ ዠነስ እና ከጃፓን ፕራይዝ ተሸልመው ተመለሱ። ኋላ ይኸው ቤት "ጥበብ ገርልስ" የተሰኘ ካርቱን አመጣ፤ ሦስት የገጠር ልጃገረዶች፣ ኃይል ያላቸው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን ነውር የሚጋፈጡ። ትምህርቱ አንዳንዴ ከጨዋታው ይቀድማል፤ ይህን ብንል ቅር አይሰኙብን። ግን አሥር ዓመት ሲሆነን ይህ ካርቱን ኖሮ ቢሆን ስንት ነገር በሹክሹክታ ከመጠየቅ እንድን ነበር።

"ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋል" የምትሉ ደግሞ "ፍሎው"ን እዩ። ከላትቪያ ነው። ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሚባል ወጣት ብሌንደር በተባለ በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጋቢት ትልልቆቹን ስቱዲዮዎች በልጦ ኦስካር ወሰደ። ለአገሩ የመጀመሪያው ነው። ዋናዋ ድመት ናት። ውኃ እየጨመረ ይመጣል፣ የምትኖርበት ቤት ይዋጣል፣ ከሌሎች እንስሳት ጋር በአንድ ጀልባ ላይ ትቀራለች። አንድም ቃል አይነገርበትም። ስለዚህ ተርጓሚ አያስፈልገውም። ከአያት ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል፤ እኛ አይተናል። አያት ፊልሙ ሲያልቅ ዝም አሉ፤ ቆየት ብለው "ድመቷስ ቤቷ ተመለሰች?" አሉ።

ለምን እንደጠየቁ ገብቶናል። ካዛንቺስ ስሟ እንኳ የተደራረበ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለትን ድርጅት "ኢንቺስ" ይለው ነበር፤ ቤቶቹ "ካዛ ኢንቺስ" ተባሉ፤ እኛ አፍ ውስጥ ገብቶ ካዛንቺስ ሆነ። በዚያ ላይ ሌላ ቤት፣ በዚያ ላይ ቆርቆሮ፣ በዚያ ላይ ዲሽ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት የሰፈሩ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሄደ። በዚያው ጥቅምት ታድሶ የተጠናቀቀው አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። የአፈወርቅ መስታወት ተወልውሏል፣ ደስ ብሎናል። ተረቷን የሰማንበት የታክሲ ማዞሪያ ግን ያለው በፎቶ ውስጥ ነው። እሱም ካለ። ፈልገን ስናጣ ነው የእዝራ ሸራ ትዝ ያለን፤ እሱ ላዩ ላይ ከመሣሉ በፊት ፎቶ ያነሳል። እኛ አላነሳንም። ያለን የልደት ፎቶ ነው፤ ከኬኩ ጀርባ ግማሽ በር፣ ከእናት ትከሻ በላይ ትንሽ ግድግዳ።

ከመካከላችን አንዷ ከነዚህ ፎቶዎች ተነስታ መሣል ጀምራለች። ሸራ አልገዛችም፣ ደብተር ላይ ነው። ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ በስልኳ እያነሳች ብሌንደር ውስጥ ትደረድረዋለች። ውሻው መልሱን ጠይቆ ታክሲዋን እየተከተለ መላ ካዛንቺስን እንዲያዞረን ነው ሐሳቧ። የትኛው ሱቅ ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር በየቀኑ እንጨቃጨቃለን፤ ዳቦ ቤቱ ከጸጉር ቤቱ በፊት ነው የሚሉ ሁለት፣ በኋላ ነው የሚሉ ሦስት ነን። እስካሁን 48 ሥዕል አልቋል። አራት ሰከንድ። ታክሲዋ ገና ከማዞሪያው አልወጣችም።